ሦስት ጊዜ፣ አጭር አጭር

ሰኞ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት

ዛሬም ጮኸ፤ እጄ ሳይነካው! ከወፍጮ ቤቱ ወደ ግራ ስታጠፍ የምነዳው የጤና ጣቢያው አሮጌ መኪና ክላክሱን ለቀቀው፤ መሪውን እስክመልስ አላቆምም አለ። የቢቸና ገበያተኛ አህያ ጭነቱን እየጣለ ተበተነ። አንዲት ባልቴት አማተቡና «ያለ ጠሪ የሚጮህ ነገር ደግ አያመጣም» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሽቦውን በጥሼ እገላገል ነበር። አሁን አልችልም። ለግብር መሬት ሊለኩ የመጡት ሰዎች ቢቸና ከሰፈሩ ወዲህ ገበሬው ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም። ከደብረ ወርቅ ወዲያ፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ መንገዱን በድንጋይ ዘግቶ ይጠብቃል። እኔ የማልፈው የገበሬዎቹ መሪ ግራዝማች ይሁኔ ከሽማግሌዎች ጋር መክረው ምልክት ስለ ሰጡኝ ነው፦ መሻገሪያው አጠገብ ካለው ዋርካ ስደርስ ሦስት ጊዜ፣ አጭር አጭር እነፋለሁ። የመድኃኒቱ መኪና ነው ብለው ድንጋዩን ያነሳሉ። ረጅም ጩኸት ከሆነ ግን የእነሱ የቀንድ ጥሪ ይመስላል፤ አገሩ ሁሉ ነቅሎ ይወጣል። ዋርካው ደግሞ ያለው የት ነው? እዚያም ግራ መታጠፊያ ላይ!

ሐሙስ ሞጣ መድረስ አለብኝ። ባለቤቴ ትርንጎ ለመጀመሪያ ልጇ እናቷ ቤት ሄዳለች። ቀኗ ደርሷል።

ማክሰኞ

የሞከርኩት፦

ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ቫልቮላ ነቀልኩ። ክላክሱ ዝም አለ፤ የዝናብ መጥረጊያውም አብሮ ዝም አለ። መለስኩት።

የመሪው መሃል ያለውን መጫኛ ፈታሁ። ዝገት፣ አፈር፣ አንድ የሞተች ዝንብ። ጠርጌ ገጠምኩ።

ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ጸጥ። ወደ ግራ አዞርኩ፤ ኡኡ!

ድሬሰራችን፣ የጣቢያው መርፌ ወጊ፣ ብቅ ብሎ «ኧረ ግርማ፣ በሽተኛ አለ እኮ!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔስ ከበሽተኛ በምን እሻላለሁ? አንድ የሞጣ ነጋዴ የአማቴን መልእክት አድርሶኛል፤ «ቶሎ ድረስ» ብቻ ነው ያሉት። 

ረቡዕ

ተገኘ! ያገኘው ግን እኔ አይደለሁም፤ ታፈሰ ነው፣ የመሬት ለካኞቹ ሾፌር። አንድ ምግብ ቤት ነው የምንበላው። የጌቶቹን ነገር ለጌቶቹ ትቼ ሰውየውን እወደዋለሁ። «መጫኛው ምን አደረገህ? ሽቦውን እይ እንጂ» አለኝ። መሪውን ነቀልነው። በዘንጉ ውስጥ የሚወርደው ሽቦ ተልጦ ራቁቱን ቀርቷል። ወደ ግራ በዞርኩ ቁጥር ብረቱን ይነካል፤ ያኔ ሰው የጫነው ያህል ይጮኻል።

የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ከየት ይምጣ? ከድሬሰሩ የቁስል ፕላስተር፣ ከቤተ ክርስቲያን የጧፍ ሰም ለመንኩ። ሽቦውን በፕላስተር ጠቅልዬ ሰሙን አቅልጬ ቀባሁት። ግራ፤ ጸጥ። ቀኝ፤ ጸጥ። ጫንኩት፤ ጡ፣ ጡ፣ ጡ። ደስ ብሎኝ ደገምኩት።

«ምነው ሁልጊዜ ሦስት? ለሥላሴ ነው?» ብሎ ሳቀ ታፈሰ።

ነገርኩት። ዋርካውን፣ ግራዝማችን፣ ድንጋዩን፣ ሁሉንም። ሰው ሲረዳኝ አፌ አይዘጋም፤ የኔ ነገር! እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ብልህ ሽማግሌ ናቸው» አለ። ሳቁን ትቶ ነበር። ይህ ትዝ ያለኝ ግን አሁን፣ ስጽፈው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሐሙስ፣ ሞጣ

ዋርካው ጋ ሦስት ነፋሁ። ድንጋዩ ተነሳ። ግራዝማች ራሳቸው ነበሩ፤ «ምን ያጣድፍሃል?» አሉኝ። ሚስቴ ልትወልድ ነው አልኳቸው። «ማርያም ትቅረባት! ሂድ፣ ሂድ» ብለው መኪናውን እንደ በቅሎ ጎኑን ቸብ ቸብ አደረጉት። የወንድማቸው ልጅ ደሴ ድንጋይ እያንከባለለ «ሾፌሩ፣ ሴት ከሆነች ለእኔ ናት!» ይለኛል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድ ልጅ! እልልታውን ከደጅ ሆኜ ሰማሁ። የትርንጎ ደም ግን አልቆም ብሏል፤ ከንፈሯ ነጥቷል።

ዓርብ፣ ሞጣ

ገላዋ ይፋጃል። የሞጣው ድሬሰር መርፌ ወጋትና ወደ ውጭ ጠራኝ። «እኔ ጋ ያለው ይኸው ነው። ነገ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ካልደረሰች እፈራለሁ» አለኝ። መንገዱ ያው ነው፤ በመሻገሪያው፣ በቢቸና፣ በደጀን።

ከሰዓት በኋላ አንድ መሪጌታ በበቅሎ መጡ፤ ግራዝማች ልከዋቸው ነው። ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። እንደ ነገሩኝ፣ ትናንት እኔ ካለፍኩ በኋላ ዋርካው ጋ ሦስት ጊዜ፣ አጭር አጭር ተነፋ። እነ ደሴ ሌላ የመድኃኒት መኪና መስሏቸው ድንጋዩን አነሱ። የመጣው የመሬት ለካኞቹ መኪና ነው፤ ፖሊስ ጭኖ። ተኩስ ሆነ። ደሴ ሞተ።

«ግራዝማች እንዲህ ብለውሃል» አሉኝ። «ለማን እንደ ነገርክ አልጠይቅህም። ከእንግዲህ ዋርካው ጋ ክላክስ የነፋ ይተኮስበታል። የምትመጣ ከሆነ ድምፅ ሳታሰማ መኪናህን አቁመህ በእግርህ ቅደም።»

ታፈሰን ልረግም አፌን ከፈትኩ። ምን አደረገ? ነጋሪው እኔ!

ወደ መኪናው ሄጄ መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ። ጮኸ። ሰሙ በሙቀት ቀልጦ ወርዷል። ሦስት ቀን የደከምኩበትን ሽቦ በአማቴ መቀስ ቆረጥኩት።

ቅዳሜ፣ ደብረ ማርቆስ

ትርንጎና ሕፃኑ በአማቴ ጭን ላይ ሆነው ዋርካው ጋ ደረስን። መታጠፊያው ላይ መኪናውን ያለ ድምፅ አቆምኩ። ወረድኩና መንገዱ ከተዘጋበት አንዱን ድንጋይ አንስቼ አንገቴ ላይ ተሸከምኩ፤ የበደለ ሰው እንደሚያደርገው። ግራዝማች ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ጠመንጃዎቹ ሁሉ እኔ ላይ ናቸው። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ፤ «ማሩኝ» አልኩ።

አልፈውኝ ወደ መኪናው ሄዱ። ትርንጎን አዩ፤ ሕፃኑን አዩ። «መንገዱን ክፈቱ» አሉ። ተመልሰው አጠገቤ ቆሙ። ድንጋዩን ጣለው ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይህን ድንጋይ የማወርደው እኔ አይደለሁም። የደሴ እናት ናት። ሚስትህን አድርስና ና» አሉኝ።

ድንጋዩን ይዤው መኪና ውስጥ ገባሁ፤ ከወንበሬ ሥር አለ። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ብጠብቅ ብጠብቅ የሚከፍት የለም። በመጨረሻ ዘበኛው መጣና ተቆጣ፤ «አንተ፣ ክላክስ የለህም እንዴ?»

«ተበላሽቷል» አልኩት።

ሐኪሙ በጊዜ ደርሳለች ብሎኛል። ትርንጎ ተኝታለች፤ ሕፃኑም ጡት ይዟል። ሰኞ ድንጋዩን ይዤ እመለሳለሁ። ለደሴ እናት ምን እንደምላቸው ግን አላውቅም።