በሰማያዊው መስኮት የተሰጣው ሸሚዝ

ለተወደድሽውና ፊት ለፊት ባገኝሽ ፀጉርሽን ለምነጭሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የቢሯችሁ አየር ማቀዝቀዣ አሁንም ያስነጥስሻል? እኔ ከንዴቴ በስተቀር ደህና ነኝ። አያታችንም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ እንደ ልማዱ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂ። የዳይሬክተሩን ወንበር ማር ቀብቼ ከትምህርት ቤት እንደተባረርኩ ታውቂያለሽ። እስከዚያ የተማርኩት ግን ለስድብ ይበቃል።

«ሊዝበንን ለመጎብኘት የሚያበቁ ምክንያቶች» ብለሽ ለመሥሪያ ቤትሽ የጻፍሽው መጽሔት ደርሶናል። አያታችን ማንበብ እንደምትችል ሰው መነጽሯን አድርጋ ገለጥ ገለጥ አደረገችና «በል አንብብልኝ፤ የልጄ ጽሑፍ ነው» አለችኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ኤርሚንያንም ከታች ተጣርታ አስመጣቻት። ለጉራ ነዋ!

አነበብኩ። የወንዙን ብርሃን እንዴት አድርገሽ እንዳሞገስሽው! እትዬ ኤርሚንያ «እዚሁ ተወልጄ አርጅቻለሁ፣ ይሄን ብርሃን አላየሁትም። ለቱሪስት ብቻ ነው እንዴ የሚያበሩት?» አለች። ሳቅን። ከዚያ ሰፈራችን ላይ ደረስኩ። «በአልፋማ ደረጃዎች ሲወጡ ወደ ሰማያዊው መስኮት ቀና ይበሉ። የሞተ ባሏን ሸሚዝ ዛሬም ሰኞ ሰኞ አጥባ የምታሰጣ አሮጊት ያያሉ።»

መጽሔቱን ወደ ደረቴ ሳብኩት። ያ ሸሚዝ የማን እንደሆነ ከሦስታችን በቀር ማን ያውቅ ነበር? ሰፈሩ የእኔ ይመስለው ነበር። እትዬ ኤርሚንያ «ይሄ ዱርዬ ያለው አንድ ሸሚዝ ብቻ ነው?» እያለች ዓመት ከዓመት ስታላግጥብኝ አፌን ዘግቼ ተሰደብኩ። እኔ ነኝ ዝም ያልኩት! እኔ፣ አፌ ክዳን የሌለው! ተናጋሪዋ አንቺ፣ የተማርሽው፣ ጨዋዋ።

«ከመስኮቷ ሰላም የምትል አንዲት አሮጊት አለች» ብዬ ዘለልኩት።

«እኔን ነው?» አለች አያታችን።

«አንቺን ነው» አልኳት። ጉንጯ ቀላ።

ምን ዋጋ አለው? ሰኞ ሲደርስ ደረጃው በቱሪስት ሞላ። አንዱ በተሰባበረ ቋንቋችን «የሞተው ሰውዬ ሸሚዝ የትኛው ነው?» ብሎ ከታች ጮኸ። ሮጬ ድንኳን የሚያክለውን የጎረቤታችንን የሥጋ ሻጩን ሙታንታ ከገመዱ ላይ አነሳሁና «ይሄውላችሁ! ባሏ ግዙፍ ሰው ነበር!» አልኳቸው። ፎቶ አነሱት። አንዷማ አለቀሰች። ወደ ኮረብታው ጥንታዊ ግንብ የሚያመላክተውን ምልክትም ወደ ቆሻሻ መጣያው አዞርኩላቸው። አያታችን ግን ሰምታለች። ሸሚዙን ውኃው እየተንጠባጠበ ከገመዱ አውርዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ አላሰጣችውም። ማን ነገራቸው ብላ አልጠየቀችም። እኔም አልነገርኳትም።

ቀጥሎ የቤቱ ባለቤት መጣ፤ ዶክተር ሎሬንሶ። ምን አክሞ እንደሚያውቅ እንጃ፤ ክራባት ያሰረ ሁሉ እኛ ዘንድ ዶክተር ነው። መጽሔትሽን ይዟል። «እማማ፣ ቤትዎ ዝነኛ ሆነ እኮ!» አላት። ዝነኛ ቤት ለእንግዳ ማረፊያ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ የኪራይ ውሉን አላድስም አለ።

«ዶክተር፣ እዚህ ቤት የገባሁት አንተ ሳትወለድ ነው» አለችው።

«እንግዶቹስ የሚወዱት ይሄንን አይደል?» አላት፣ አያፍርም።

ይኸውልሽ፣ አሁን ከከተማው ውጭ አማዶራ ነን፣ ፎቅ ላይ። ሊፍቱ ተበላሽቷል። በዚያ ጉልበቷ ከቤት አትወጣም። ገመዳችን የሚያየው የሰው ቤት ግድግዳ ነው።

የቅዱስ አንቶንዮስ በዓል ዋዜማ ሲደርስ መስኮቱ ሥር ቁጭ አለች። በዚያ ቀን ሁሉም በየራሱ ደጅ ነው ሰርዲን ዓሣ የሚጠብሰው፤ እሷ ደግሞ ደጅ የላትም። እትዬ ኤርሚንያ ደወለች። «የደጄ ግማሽ ያንቺ ነው። የጭሱም ግማሽ ያንቺ ነው፣ እንዳትረሺ!» አያታችንን አዝዬ ደረጃውን ወረድኩ። «ቀስ በል፣ አንተ አህያ!» እያለች ጆሮዬን ስትቆነጥጠኝ ነበር።

አልፋማ፣ እትዬ ኤርሚንያ ደጅ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሰሉ ፍም ሆነ። የቀድሞ ቤታችን ውስጥ በእንግድነት ያረፉ ባልና ሚስት መጽሔትሽን ይዘው ወረዱ። ሚስትየዋ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ለበዓሉ በማሰሮ በተተከለው በሶብላ ውስጥ ደፋች! መንደሩ በሙሉ «በእጅ! በእጅ!» ብሎ ጮኸባት። ምን ታድርግ፣ የሰው አፍንጫ በሶብላን እንደሚያደርቅ፣ በእጅ ዳብሶ እጅን ማሽተት እንደሚገባ አንቺ አልጻፍሽላትም። ባልየው ወደ ሰማያዊው መስኮት እያመለከተ «አሮጊቷ የት አሉ?» አለኝ። ወንዝ ውስጥ ፈልጋት ልለው አፌን ስከፍት፣ አያታችን ቀና ሳትል ሰርዲኗን እየገለበጠች «ሞታለች በለው» አለችኝ።

«አያቴ!»

«በለው አልኩህ። ሸሚዙን ይዛ ባሏ ዘንድ ሄደች በለው።»

ነገርኩት። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። እሷ ወፍራሙን ሰርዲን መርጣ፣ ዳቦ ላይ አድርጋ ሰጠችው። «ብላ ልጄ፤ ለነፍሷ» አለችው። እትዬ ኤርሚንያ ሳቋ አፍኗት ወንበር ያዘች። መንደሩ ሁሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። እኔ! ለዚህ ነው የማልምርሽ።

በማግሥቱ ሸሚዙን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ሰጠችኝ። እኔ ብሆን በመቀስ ነበር የምሸረክተው።

«ለእህትህ ላክላት» አለች።

«ምን ብዬ ልጻፍላት?»

«ምንም አትበላት። እሷ ታውቃለች።»

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ደርሶሻል። ስትፈቺው አፍንጫሽን እንዳትደፊበት። እንደ በሶብላው እጅሽን አሳርፊበትና እጅሽን አሽትቺ። ሊፍቱ እስካሁን አልተሠራም፤ የአንቺ ጉልበት ግን ደህና ነው። ስትመጪ በሩን የምትከፍትልሽ አያታችን ናት፤ እኔ እንደተቆጣሁ ጓዳ እቀመጣለሁ።

የጠፋ ነገር የሚያስገኘው ቅዱስ አንቶንዮስ አንቺንም ፈልጎ ያግኝልን። ጤና አይለይሽ፣ ማስነጠሱም ይተውሽ።

ሰኞ ሰኞ ገመዱ ባዶ ነው።

ገና ያልታረቀሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ