ቀዳዳ የሌለው ጎመን

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ጠዋት ጎመን ቆረጥኩ። ሠላሳ ጥቅል በባጃጅ ጭኜ ማራኪ ገበያ ሄድኩ፤ ሃያ ዘጠኝ ይዤ ተመለስኩ። አንዱ መንገድ ላይ ወድቆ ነው።

እንዲህ ያለ ጎመን አብቅዬ አላውቅም። ጥብቅ ያለ፣ ትል ያልነካው። ሲስተር ዓይናለም፣ ሆስፒታል የምትሠራው የአምና ደንበኛዬ፣ ቅጠሉን እየገለጠች አየችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ጋሽ ጀማል፣ ቀዳዳው የታለ?»

«የለውም።»

«መድኃኒት ረጭተውበታላ! አምና ወንፊት አልነበረም እንዴ?»

እውነቷን ነው። አምና ትሉ አጥንቱን ብቻ አስቀርቶልኝ ተሻምተው ገዙኝ። ዘንድሮ ለወፎች ማረፊያ እንጨት ተከልኩ፣ ውኃ በሳሕን አስቀመጥኩ፣ በጎመኑ መሀል ድንብላል ዘራሁ። ወፎቹ መጥተው ትሉን ለቅመው ጨረሱ። «ከተፈጥሮ ጋር ሥሩ» እያለ ያሠለጠነን የግብርና ሰውዬ፣ ተፈጥሮ ሥራዋን አጣርታ ስትሠራ ምን እንደሚደረግ አልነገረንም።

ጥቅምት 3

ሳሊም ምሳ መጣ። የባለቤቴ የፈህሚያ ወንድም ነው። ቁስቋም ያለችው መሬት ከአባታቸው ለእሷ የደረሰቻት ናት፤ እሱ ደግሞ የሲሚንቶ መጋዘን ሊሠራባት ይፈልጋል። «ጭቃ ስታቦካ ከረምክ፣ ምን ተገኘ?» አለኝ እንጀራዬን እየበላ።

ፈህሚያ ነገሩን ቆረጠችው። ጎመኑ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ካልተሸጠ መሬቱ ለሳሊም።

ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጥኩ። ሱቁን ከዘጋሁ ወዲህ ደረቴ የሚከፈተው እዚያች መሬት ላይ ብቻ ነው። ይህን አልነገርኳትም። ለምን አልነገርኳትም?

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

አያ ወልደኢየሱስ ማራኪ መጥቶ አጠገቤ ዘረጋ። አጥር ለአጥር ነን። በየሳምንቱ መድኃኒት ይረጫል፤ ትሉ ግን ለምዶታል። እንዲያውም ሳይወፍርበት አልቀረም። ጎመኑ ብጥስጥስ ያለ... ሰው ከበበው። «ይሄ ነው ያልተረጨ!»

ራሱ ግራ ገባው። «ምነው ጀማል፣ እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው? ሸጋ ሸጋውን ትተው...»

ለቤቱ አንድ ጥቅል ከኔ ወሰደ። እሱ ትል የነካው አይበላም።

ጥቅምት 14

አባቴ ጨርቁ ቀዳዳ ካለው ለገዢው ዘርግቶ ሳያሳይ አይቆርጥም ነበር። ጉድለት መደበቅ ሐራም ነው። ጉድለት መጨመርስ?

የፈህሚያን የስፌት ወስፌ ሳላስፈቅድ ወሰድኩ። መጀመሪያ ክብ እየሆነ አስቸገረኝ፤ ትል ክብ አድርጎ አይበላም። ትንሽ ሳዟዙረው መሰለ። ሃያ ጥቅል ወጋሁ። አንድ ወፍ እንጨቱ ላይ ሆና ታየኝ ነበር።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሁሉም ተሸጠ። ሲስተር ዓይናለም ሁለት ወሰደች። «አሁን ገና ጎመን አመጡ» አለችኝ።

ብሩን ሳልቆጥር ኪሴ ከተትኩት።

ጥቅምት 21

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሼህ ሐምዛን ጠየቅኳቸው።

«ጤነኛውን በሽተኛ አስመስለህ ሸጥክ?»

«አዎ።»

«ማን ተጎዳ?»

«እንጃ... ጎመኑ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሲመለሱ ግን ኮስተር ብለው ነው፦ «ገዢው ያላወቀው ነገር ካለ ሄደህ ንገረው።»

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ለገዢዎቼ ነገርኳቸው። ወስፌውንም አሳየሁ።

«እንግዲያ ትል አልነበረውም?» አለች ሲስተር ዓይናለም።

«አልነበረውም።»

«ትል ከሌለውማ ተረጭቷል።»

«ወፎች ናቸው የበሉት...»

«ጋሽ ጀማል፣ መጀመሪያ ወስፌ፣ አሁን ደግሞ ወፍ?»

ገንዘቧን ልመልስላት ብል እምቢ አለች፤ አዘነችልኝ መሰለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ስዋሽ ታመንኩ፣ እውነቱን ስናገር ውሸታም ሆንኩ። አንድም አልሸጥኩም። የአያ ወልደኢየሱስ ጎመን ከረፋዱ በፊት አለቀ።

ጥቅምት 27

ሳሊም ደወለ። ቅዳሜ ለመጋዘኑ ድንጋይ ያራግፋል።

ለፈህሚያ ዛሬ ነገርኳት። እዚያች መሬት ላይ ስሆን ሰው ሰው እንደምሸት፣ መሬቷ ከሄደች ጠዋት ጠዋት ምን ብዬ እንደምነሳ እንደማላውቅ። ልብስ እያጠፈች ነበር። ማጠፏን ቀጠለች። አንዱን ሸሚዜን ግን ሁለት ጊዜ አጠፈችው።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ዶማና አካፋዬን ልሰበስብ በጠዋት ሄድኩ። ፈህሚያ ቀድማኛለች። ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ጭቃው ላይ ተንበርክካለች። እጇ ላይ የወተት ጣሳ። ጣሳው ሙሉ ትል። ፊቷን ወደዚያ አዙራ፣ በሁለት ጣቷ እያነሳች ጎመኑ ላይ ታስቀምጣለች። ሩዝ ውስጥ ነቀዝ ካየች ድስቱን ከነክዳኑ የምትጥል ሴት!

«ከየት አመጣሽው?»

«አያ ወልደኢየሱስ ሰጠኝ። ‹ውሰጂ እቱ፣ ሞልቷል› አለኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ይብሉት። ቀዳዳው የእውነት ይሁን። አንተ መዋሸት አትችልበትም።»

ዓይኔ ሞላ። አጠገቧ ተንበርክኬ የቀረውን አብረን አስቀመጥን። ጨርሰን ወደ አጥሩ ዘወር ስንል ወፎቹ ወረዱ። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። አንድ ትል አልተረፈም።

ፈህሚያ ጭቃ በጭቃ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ መቆም እስኪያቅታት።

ጎመኑን ማን እንደሚገዛኝ አሁንም አላውቅም። ሳሊም ደወለ። በፈህሚያ ስልክ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል፦ «መኪናው ተጭኗል፣ የት ላራግፍ?»

«መልሰው ወንድሜ» አለችው። «ቦታ የለም፤ ወፎች ቁርስ እየበሉ ነው።»

ስልኩን ዘጋችና ባዶ ጣሳዋን ይዛ ወደ አያ ወልደኢየሱስ አጥር ሄደች።