ጉልበቴን የደበቅኩበት ግጥሚያ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሀቢቡ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? ዘይባስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ሳሌሃስ አደገች? አዲስ አበባ ብርዱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ አሳስባችሁኝ ነበር። እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልህ ሆስፒታል ተኝቼ ነው የምጽፈው። አትደንግጥ፣ ጉልበቴ ነው።

ባለፈው ደብዳቤህ «አንተና ዳምጤ ካላችሁበት ቡታጅራ ወልቂጤን ያሸንፋል» ብለኸኝ ነበር። እኛም እንደዚያው ነበር የምናስበው። ደብዳቤህ በደረሰ በሳምንቱ ግን ዳምጤ ከጋሪ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። የትምህርት ቤታችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ሰባት ልጅ ነበር፤ ስድስት ቀረን። ስድስተኛው ሰይዶ ነው፤ ኳስ ሲወረወርለት ዓይኑን የሚጨፍን።

አሰልጣኛችን መምህር ባዩ ሰብስበውን «አምስት ጤነኛ ልጅና አንድ ተቀያሪ ካለኝ፣ እናሸንፋለን ባልልም እንፎካከራለን። ከዚያ ካነስን አልሄድም። የሚያመው ካለ አሁን ይናገር» አሉ። ቀኝ ጉልበቴ ካበጠ ሰንብቷል፤ ከሱሪዬ ሥር በጨርቅ ጠቅልዬ ነበር የምለማመደው። ብናገር ጉዞው በእኔ ሰበብ ቀረ ይባላል ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ።

ወልቂጤ ላይ እስከ እረፍት በአራት ነጥብ መራን። ከእረፍት በኋላ ኳስ ልይዝ ስዘል ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ወድቄ ስጮህ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። ሰይዶ በእኔ ቦታ ገባ፤ ምስኪን፣ የት እንደሚቆም እንኳ አያውቅም። በአሥራ አንድ ነጥብ ተሸነፍን።

መምህር ባዩ እዚህ አጣጥ ሆስፒታል ድረስ አምጥተውኝ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ብትነግረኝ ኖሮ ግጥሚያውን አስተላልፌ ሰይዶን በቦታህ አለማምደው ነበር እኮ» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ ከግጥሚያው በፊት ያመኝ እንደነበር ጠየቀችኝ። አልዋሸኋትም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። እሮጣለሁ ወይ ብላት «መጀመሪያ መራመዱን እናስብ» አለችኝ። ነገ ጉልበቴን ከፍተው ሊያዩት ነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ነገሩ ለይቶለታል። ወንድሜ፣ በጣም ፈርቻለሁ። አጠገቤ የተኙት ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ሲያነሡ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

እማ መንገድ ተበላሽቶብን የዘገየን ይመስላታል። ሁለት ጊዜ ልጽፍላት ጀምሬ ሰላምታው ላይ ቆምኩ። በአላህ፣ ቡታጅራ ወርደህ አጠገቧ ተቀምጠህ ንገራት። ሕመሜን የደበቅኩት እኔው እንደሆንኩም አትደብቃት።

ለዘይባ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ዱዓ ታድርግልኝ። ሳሌሃን ሳምልኝ። ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፤ ና ብዬ አላስጨንቅህም። ግን አንተ የመጣህ እየመሰለኝ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያልኩ ነው።

ታናሽ ወንድምህ ሙስተፋ
አጣጥ፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.