አካፋ መጨበጥ አልረሳሁም

ለናፍቆቴ፣ ለልጄ እናት፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጄሪካኑ የጎዳው ትከሻሽ እንዴት ሆነልሽ? ልጃችንስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ የለም።

ዝናቡ ቀርቶብን ወንዶቹ ተራ በተራ ከመንደር ስንወጣ፣ እዚህ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብዬሽ ነበር። ምን ሥራ እንደሆነ ስትጠይቂኝ በሳቅ አለፍኩት። መኪና አጣቢ ነኝ፣ እቴ። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ። አንቺ ጎህ ሳይቀድ ወጥተሽ፣ ፀሐይ አናትሽን እየበሳሽ የምታመጪውን ውኃ እኔ አንድ ጎማ ላይ እጨርሰዋለሁ።

በቱቦ ስረጭ ጉም የመሰለ ብናኝ ይነሳል። ፀሐይ ሲያገኘው ቀለም በቀለም ይሆናል። እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ አይሻለሁ፤ ዝም ብለሽ ወደ እኔ ትመጫለሽ።

ባለፈው ስደውል፣ ሴቶቹ ተሰባስባችሁ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ቆፍራችሁ ውኃ እንዳገኛችሁ፣ የመቅጃ ተራ የምታወጪውም አንቺ እንደሆንሽ ነገርሽኝ። ያ ኩሩ አጎቴ እንኳ «እኔስ መቼ ልቅዳ?» እያለ ደጅሽ ይቆማል አልሽኝ። ሳቅሽ ሌላ ነበር። ሁልጊዜ «መቼ ነው የምትመጣው?» ትዪኝ ነበር፤ የዚያን ዕለት ሳትጠይቂኝ ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ አንዲት ሴትዮ አዲስ መኪናዋን አመጣች። ስረጭ ከብናኙ ውስጥ ብቅ አልሽ፤ ጭቃ በጭቃ ሆነሽ፣ ከጉድጓድ ስትወጪ። እጄን የዘረጋሁልሽ መሰለኝ። ስባንን የመኪናው መስኮት ለካ ክፍት ኖሯል። ወንበሩ ኩሬ ሆኗል፤ ሴትዮዋ ጫማዋን አንጠልጥላ ትጮሃለች።

አለቃዬ «አንተ ሰውዬ፣ ልብህ የት ነው?» አለኝ። «ቤቴ» አልኩት። እሱም እንደኛው የዝናብ እጦት ከቀዬው ያባረረው ነውና አልተቆጣም። የሥራ ቦት ጫማውን አውልቄ እንዳስቀምጥ ነግሮ አሰናበተኝ።

እና ምን ልልሽ ነው፤ እኔም አካፋ መጨበጥ አልረሳሁም። ተራ ስታወጪ ለአንድ ሰው ቦታ ይኖር እንደሆነ አስቢልኝ። አለቅነቱ ያንቺው ይሁን፤ ቆፍር ስትዪኝ እቆፍራለሁ፣ ተሸከም ስትዪኝም አልለግምም። ወንዶቹ ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ከአጎቴ በቀር የሚስቅ ወንድ መንደሩ ውስጥ የት አለና፣ ሌሎቻችን እዚህ አይደለን!

ጉድጓዳችሁ አይንጠፍ፤ ጉልበትሽ አይዛል። ልጃችንን ሳሚልኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ተይው። ረዳቱ ግቡ እያለ ነው፤ ወደኛ ቀዬ የሚሄደው አውቶቡስም ጥሩምባውን ነፋ።

ባልሽ፣ ከፈቀድሽም ቆፋሪሽ