የኦቦ ቢራቱ አሥራ ሁለት መስኮቶች

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ሱቅ ከፈትኩ። ጠረግኩ። ጋሽ ሳህሉ ሊገባ ሲል በሩ ላይ መስታወት ያቆምኩ አስመስዬ «ቀስ! ቀስ! እንዳትሰብረው!» አልኩት። እጁን ዘርግቶ ባዶ አየር ዳበሰ። የመስታወት ቤት ባለቤት እኮ ነው! ጓዳ ገብቼ ሳቅኩ።

በኋላ ኦቦ ቢራቱ መጡ። የነቀምቴ–ቢላ መስመር ሾፌር፣ ያቺ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ያለቻቸው። አሥራ ሁለት መስኮት አላት፣ አሥራ ሁለቱም ያፈሳል። «ውጭ ሲያባራ እኔ ጋ ይቀጥላል» አሉ። ተሳፋሪው ወደ ሚኒባስ ሸሽቷል። ሰኔ 18 ደግሞ ዓመታዊ ምርመራ አላቸው። አምና መርማሪው «በሚመጣው ዓመት አንድ ጠብታ ውስጥ ካየሁ አልፈርምም» ብሏቸዋል። ካልፈረመስ? «ለብረት ሰብሳቢ ነው የምሰጣት» አሉ። ውጭ ቆማለች፣ ግን ወደ እሷ አላዩም።

ጋሽ ሳህሉ የፎቅ ሥራ ይዟል። «በኃይሉ ይሠራልዎታል» አላቸው። ብቻዬን! ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፦ «ይሄ ሥራ ተመልሶ ከመጣ አንተም አብረኸው ትሄዳለህ።»

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ጉድ ነው። ሬንጅ፣ ማስቲሽ፣ ሻማ… ያልተለጠፈ ነገር የለም። አንዱ ጥግ ላይ ማስቲካ፣ የጥርስ ምልክት ያለበት። «ኦቦ፣ ይሄ የእርስዎ ጥርስ ነው?» አልኳቸው። «የረዳቴ ነው። እኔ ጥርስ ቢኖረኝ ሥጋ እበላበት አልነበር?»

እያንዳንዱ መስኮት ሁለት ተንሸራታች መስታወት አለው። ጋሽ ሳህሉ ያዘዘኝ፦ ሁሉንም አውጣ፣ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ፋቅ፣ የመስታወቱን ጎማ ቀይር፣ ፍሬሙን ከውጭ በሲልከን ማጣበቂያ ዝጋ። አንዱን ለማውጣት ብቻ እስከ ምሳ ፈጀብኝ። አውልቄ ሳልጨርስ ዝናብ መጣ። መልሼ ከተትኩት። ጣቴም ተቆረጠ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ሐሳብ መጣልኝ! ለመሆኑ አውቶቡስ ላይ መስኮት የሚከፍት ማን ነው? አንዱ ጣት ታህል ቢከፍት ከኋላ «ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው?» ይባላል። ጎረቤታችን እትዬ ወሰኔ፣ ቢላ ገበያ ሽንኩርት የምትነግደዋ፣ በመጋቢት ፀሐይ እንኳ ታስዘጋለች። ታዲያ ለማይከፈት መስኮት ሐዲድ መፋቅ ምን ይባላል?

ዙሪያውን ሲልከን። ተንሸራታቹንም ከፍሬሙ ጋር። ከውስጥም ከውጭም። አሥር ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱንም ጨረስኩ። ሒሳብ ያስጠላኝ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው እንጂ ጭንቅላትስ አለኝ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ኦቦ ቢራቱን ውስጥ አስቀምጬ በላስቲክ ቱቦ ውኃ ለቀቅኩባት። ሃያ ደቂቃ። ጠብታ የለም! «ያ ዋቃ! አምላኬ!» እያሉ ወጡና ግንባሬን ሳሙኝ። «ገለቶሚ፣ ኢልመ ኮ» አሉኝ። አመሰግናለሁ ልጄ መሆኑ ነው።

ስለ መክፈቱ አልጠየቁም። እኔም አልተናገርኩም። ለምን ልናገር?

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ምስጋናዬን ልሰበስብ አብሬ ተሳፈርኩ። ሞልታለች፣ መተላለፊያውም ጆንያ በጆንያ። ዝናቡ ወረደ፣ እኛ ደረቅ! እትዬ ወሰኔ ሳትቀር «እጅህ ይባረክ» አለችኝ።

ግማሽ መንገድ ሳንደርስ መስታወቱ ሁሉ በትንፋሽ ነጭ ሆነ። ኦቦ ቢራቱ የፊቱን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ፣ መልሶ ይነጣል። «ኋላ ያላችሁ፣ ክፈቱ እስቲ!» አሉ። አንዱ ሳበ። ሌላው ሳበ። እኔ ወደ መሬት አየሁ… ከዚያ ቀኝ ጎማችን ቦይ ገባ። የተሳፋሪው በር ከአፈሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ እምቢ አለ። ኦቦ ቢራቱ በራሳቸው በር ወረዱ። እኛ ጆንያው መንገድ ዘግቶብን ውስጥ ቀረን። ከኋላ አንዲት አራስ «ልጄ ታፈነ!» ብላ ጮኸች።

«ክፈት!» አለችኝ እትዬ ወሰኔ።

«እትዬ፣ ብርድ ይመታሻል…» ከአፌ አመለጠኝ። ስፈራም እቀልዳለሁ፣ ምን ላድርግ?

«ይምታኝ! አንተንም ይምታህ!» በጃንጥላዋ እጀታ መስኮቱን አንድ ጊዜ መታችው። ሁለተኛ። ተሰበረ። ሕፃኑን በዚያ አሳለፍነው። ውጭ አየር ሲያገኝ አለቀሰ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ማንም አልተጎዳም።

ስብርባሪውን ስለቅም ኦቦ ቢራቱ አጠገቤ ቆሙ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎት ይከለክሉኝ ነበር።»

«እንዲህ ከሆነ ጥፋት መሆኑን ታውቅ ነበር» አሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ጋሽ ሳህሉ ሳልነግረው ሰምቷል። የሥራ ልብሴን በፌስታል አድርጎ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ተቀበልኩት።

ልሄድ ስል ኦቦ ቢራቱ ደረሱ። ሌላ ሠራተኛ ሊጠይቁ ነው ብዬ ነበር። «የዘጋው ራሱ ይክፈተው» አሉ።

ጋሽ ሳህሉ ፌስታሉን ከእጄ ወሰደ።

ለምርመራው ዘጠኝ ቀን ቀርቷል።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሲልከን ለመለጠፍ አንድ ቀን፣ ለመፋቅ… አራተኛ ቀኔ ነው። በምላጭ። አምስት መስኮት አልቋል።

አንድ ነገር አገኘሁ። የታችኛው ሐዲድ ወደ ውጭ ትንንሽ ቀዳዳ አለው። የገባው ውኃ የሚወጣበት ነው። ሁሉም ተደፍኗል። የሱፍ ቅርፊት፣ አቧራ፣ ባቄላ፣ የልጅ ጥርስ (የልጅ ጥርስ!)። ውኃው መውጫ ሲያጣ ሞልቶ ወደ ሰው ጭን ይፈሳል። ለካ ያ ሁሉ ሬንጅና ማስቲካ የተለጠፈው መውጫው ላይ ነው። ማንም ወደ ታች አላየም። እኔንም ጨምሮ።

በሽቦ ወጋሁት። ውኃ አፈሰስኩበት። በውጭ በኩል ጠብ፣ ጠብ። እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ። ጋሽ ሳህሉን ጠርቼ አሳየሁት። አጎንብሶ አየና «እኔም ይሄን አላሰብኩትም» አለ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

አለቀ። አዲስ የመስታወት ጎማ፣ ከፍሬሙ ውጭ ብቻ ሲልከን፣ ለተሰበረው አዲስ መስታወት። አሥራ ሁለቱም በአንድ ጣት ይንሸራተታል። ኦቦ ቢራቱ እየዞሩ ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። ግንባሬን አልሳሙም።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

መርማሪው ውኃ ለቀቀ። ውስጥ ገብቶ መቀመጫዎቹን ዳበሰ። አንዱን መስኮት ከፈተ፣ ዘጋ። ፈረመ።

ኦቦ ቢራቱ ወረቀቱን አራት ጊዜ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወደ አውቶቡሷ ሄደው ጎኗን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት። እንደ በሬ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ከጠዋት ጀምሮ ያለ የሌለ ዝናብ። ሥራ ይዤ መቀመጥ አቃተኝ። ጋሽ ሳህሉን «መጣሁ» ብዬ መናኸሪያ ሮጥኩ። የኦቦ ቢራቱ አውቶቡስ ሞልታ ልትወጣ ነው።

ገባሁ። ከመጀመሪያው መስኮት ጀምሬ ከሥር ከሥር በእጄ ዳበስኩ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉ ኦቦ ቢራቱ ከመሪው ዞረው።

ምን ልበል? «የሱቅ ቁልፍ።»

በቃ፣ አውቶቡሱ ሁሉ ተነሣ። እግር ያነሣ፣ ጆንያ የገፋ፣ በስልኩ መብራት ከመቀመጫ ሥር የገባ። ኦቦ ቢራቱ ራሳቸው በዚያ ባረጀ ጉልበታቸው ተንበርክከው ይፈልጋሉ። አንዱ ሽማግሌ ይጸልያል። እኔም በግርግሩ መሐል እስከ ኋላ ወንበር ደረስኩ።

አሥራ ሁለቱም ደረቅ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።