የገበያው ድምፅ ማጉያና የወርቄ ልጅ

ይድረስ ለእታለሜ ለብርሀንነሽ፣ አሰብ።

እታለሜ፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ያ የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ወገቤን ያመኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ሞላስ ወደብ ላይ ሥራው ቀለል አለለት? ልጆቹ አደጉ? እኔ እህትሽ አልታዬ በአካል ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እናታችንም ከላላ ደኅና ናት፤ ለጥምቀት በሰው ሰላምታ ልካብኛለች። ብቻ ልቤ ደኅና አይደለም። ፈርቻለሁ። ልዋሽሽ ብል እንኳ ፊደሌ ያሳብቅብኛል፤ ሁሉም ተንጋዷል።

ቀበሌ ጸሐፊ ሆኜ መቀጠሬን ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ የቅዳሜውን ሥራዬን ነው። የዘመቻ ተማሪዎቹ ሲሄዱ አንድ ሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ ቴፕ፣ አንድ ማይክራፎንና እንደ ጡሩንባ አፉን የከፈተ ድምፅ ማጉያ ትተውልን ሄዱ። ድምፅ ማጉያውን ከቀበሌው በር ፊት ካለው ግንድ ላይ ሰቅለን በመኪና ባትሪ እያስነሳሁ በገበያ ቀን አሰማለሁ። ሰዉ “ሬዲዮኑ” ነው የሚለው፤ እኔም “ሬዲዮኗ አልታዬ” ተብዬ ቀረሁ። መጀመሪያ የሰልፍ ዘፈን አጫውታለሁ፤ ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የኔ ነው። በገና አለኝ፣ መንዙማ አለኝ፣ የሱዳን አለኝ፣ የኦሮሞ አለኝ። ማንም ቋንቋውን የማያውቀው አንድ የፈረንጅ ሸክላም አለኝ፤ እሱን ስከፍት በግ ሻጮቹ በሳቅ ይሞታሉ። በበቅሎ እህል የሚያመላልሰው ነጋዴ ጀብሪል ሁሉን ባንድ ድስት ጨመርሽው እኮ እያለ ይቀልድብኛል።

ታዲያ በዘፈኑ መሀል የጠፋ ሰው ማፈላለግ ጀመርኩ። ያ የረሀቡ ክፉ ቀን ስንቱን እንደበተነ አንቺም ታውቂያለሽ። ስም ብቻ ብጠራ ማን አቤት ይለኛል? በሕፃንነቱ የጠፋ ልጅ የአባቱን ስም ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ ፈላጊው ራሱ ይምጣና በቤታቸው ይዜም የነበረውን ማይክራፎን ላይ ያዚም አልኩ። አቤት ኩራቴ! ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ወርቄ የምትባል ሴት ከከላላ ቆላ መጣች። በ፷፮ ዓመተ ምሕረት ወረኢሉ መጠለያ ውስጥ በተስቦ ራሷን ስታ ወድቃ፣ ስትነቃ የአራት ዓመት ልጇ በለጡ አጠገቧ የለችም። ሞታለች አሏት፤ እሷ ግን አላመነችም። ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ይዛ እሹሩሩዋን ጀመረች። ወንዝ አልሻገርም ስላለች አንዲት በቅሎ የሚያወራ ነው፤ ራሷ ያወጣችው ነው። በየስንኙ መሀል በምላሷ ሁለቴ ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ለቅሶ ቀደማትና አቋረጠችው። ያኔ ከግንዱ ሥር ከቆሙት ሰዎች መሀል ቀጭ ቀጭ የሚል ተሰማ። አንዲት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ የቀረውን ስንኝ ጨረሰችላት። እታለሜ ሙች፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ግንዱ ዞረ። እኔም ሸክላ መክፈቱን ረሳሁት።

ልጅቷን እኛ እንቁ ብለን ነው የምናውቃት፣ የአድማሴ ልጅ። አድማሴ ማለት የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ጓድ አዛዥ ነው። እሱና ሚስቱ አሰጋሽ ልጅ አልወለዱም፤ ያን ጊዜ ከሞተች ሴት ጎን አነሳናት ብለው ከወረኢሉ አመጧት፣ አሰጋሽም ጣቷን ማር ቀብታ አጥብታ የጡት ልጅ አደረገቻት። ከሞት ነው ያወጧት፤ ይህን አልክድም። አድማሴ ግን ወርቄ ልጇ ላይ ስትወድቅ በሰደፍ ገፍትሮ ልጅቷን ከጉያዋ ነጥቆ ሄደ። ለወርቄም እስከ እሑድ ከተማውን ካለቀቀች እንደሚያሳስራት ነገራት። ሰዉ ሄዳለች ይላል። እሷ ግን ጀብሪል ጓዳ ውስጥ ናት፤ እስከ ዛሬ ይህንን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን።

ሰኞ አድማሴ ቢሮዬ መጣ። የሸክላዎቹ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመና ማይክራፎኑን አንስቶ እፍ እፍ አለበት። አልጮኸም፤ ኧረ ቢጮህ በተሻለኝ! በመጪው ቅዳሜ የሰልፉ ዘፈን እንዳለቀ፣ ያቺ ሴት ውሸታም ናት፣ ሕዝብ ልታውክ የተላከች የአድኃሪያን መልእክተኛ ናት ብለሽ ታነቢያለሽ አለኝ። ካላነበብሽ ደግሞ ከእነማን ጋር ሆነሽ እንዳስመጣሻት ትነግሪናለሽ አለኝ። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋልኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ባለፈው ወር የወሰዱት መምህር ምናለ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፣ ስንቁን ይመልሱላታል። ስንቅ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ እዚያም ሳትሰሙ አትቀሩም።

ዛሬ ቀትር ላይ፣ አድማሴ ለስብሰባ ከላላ ሄዶ ሳለ፣ አሰጋሽ ልጅቷን በእጇ ይዛ ከተፍ አለች። ልትሰድበኝ የመጣች መስሎኝ ብድግ አልኩ። እሷ ግን ያቺን ሴት የት እንዳለች ታውቂያለሽ፣ አገናኚኝ አለችኝ። ከቅዳሜ ወዲህ ልጅቷ እንቁ ሲሏት አቤት አትልም፣ ጉርሻ ሲሰጧት እናቴስ በላች ወይ ትላለች አለችኝ። የሞተች መስሎኝ ነበር የወሰድኳት፣ በቁሟ ያለችን ሴት ልጅ አቅፌ እንዴት አድርጌ እንቅልፍ ይወስደኛል አለችና ተንሰቀሰቀች። ለባሏ፣ ወሬው እስኪበርድ ደጎሎ እናቴ ዘንድ ሰድጃታለሁ ልትለው ነው። ጀብሪል ቤት ወስጄ አገናኘኋቸው። አሰጋሽ የልጅቷን የአንገት ክር አስተካከለችላት፣ ጉንጯን ሳመቻት፣ ወርቄን ሌሊት ሌሊት ያስላታል፣ ደረቷን አልብሻት አለቻትና ወጣች። እስከ መንገዱ ተከተልኳት።

ነገ ማለዳ በጀብሪል በቅሎዎች ወረኢሉ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ደሴ፣ ከደሴ በጭነት መኪና አንቺ ዘንድ ይመጣሉ። ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽ ወርቄ ናት፤ ቀሚሷን ይዛ የቆመችው በለጡ ናት። እባክሽ አስገቢያቸው። ሞላ ሳያማክሩኝ ብሎ ቢቆጣም የኔ ጥፋት ነው በይው። ኬላ ላይ ፍተሻ ስላለ ወረቀቱን የልጅቷ ቀሚስ ገበር ውስጥ እሰፋዋለሁ። ይህን ሁሉ መጻፍ አልነበረብኝም፣ ካልነገርኩሽ ግን ልፈነዳ ነው። ጀብሪል አብሽሪ፣ አላህ አለ ይለኛል፤ እሱም ግን ጭነቱን ሦስት ጊዜ ፈትቶ አሰረው። አንብበሽ አቃጥዪው።

ቅዳሜ አድማሴ ያለኝን ቃል በቃል አነባለሁ። እምቢ ብል እኔንም ያስራል፣ በወርቄም ላይ አሳዳጅ ይልካል፤ ካነበብኩ ግን ነገሩ አለቀ ብሎ ይተዋታል። ሰዉ ይተፋኛል። ከእንግዲህ ልጄ ጠፋችብኝ ብሎ እኔ ዘንድ የሚመጣ አይኖርም። ለእነሱ ስል ነው ብዬ ልኮራብሽ አስቤ ነበር። አንቺን ግን አልዋሽም፤ አሰጋሽ ባትመጣም ኖሮ አነበው ነበር። ማክሰኞ ዕለት ጽፌ ጨርሼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ይህን ያህል ነው የፈራሁት።

ለሞላ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላም ብያለሁ። ካሳን ግንባሩን፣ ትንሿን ብዙዬን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለጎረቤትሽ ለእትዬ አስቻለችም ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ለእኔ የምትጽፊው ደብዳቤ ስለ ጤናና ስለ ሙቀት ብቻ ይሁን።

ወርቄ ማንበብ አትችልም። ከሰው አፍ ከመስማቷ በፊት አጠገብሽ አስቀምጠሽ ይችን ብቻ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፦ ወርቄ፣ በገበያው ሁሉ ፊት ውሸታም ብዬሻለሁ። ልጅሽ ናት።

እህትሽ አልታዬ
መካነ ሰላም፣ ሐሙስ ጥር ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፱ ዓ.ም.