አባትህ ብዕሩን አስቀመጠ

ይድረስ ለልጄ ለአምደሚካኤል፤ የለንደን ብርድ አይድፈርህ፣ በሄድክበት ሁሉ እመቤቴ ትቅደምልህ።

ጽሑፌ የተንጋደደው እስከ ዛሬ እኔ እየነገርኩት አባትህ ይጽፍልህ ስለነበር ነው። ጎንደር ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ኋላም እዚህ ስደት አገር ፍሌሚንግተን ሰፈር ሠላሳ ዓመት የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ኖሮ፣ ጎረቤታችን እትዬ አየለች ልጃቸውን ከአገር ቤት ለማስመጣት ሲያመለክቱ የልደት ዘመኗን በእኛ አቆጣጠር ጻፈው። ልጅቷ በወረቀት ስምንት ዓመት አረጀች፤ «ዕድሜዋ አልፏል» ብለው ቪዛ ከለከሏት። እትዬ አየለች ሊፍት ውስጥ ሲያገኙን ፊታቸውን ያዞራሉ። እሱም መስኮቱ ስር ተቀምጦ ትራም ሲያይ ይውላል።

እባክህ ልጄ፣ ደውልና «አንድ ነገር ጻፍልኝ» በለው። እኔንስ እምቢ ብሎኛል። አምላክ አንተን ያቆይልኝ። ፖስታው ላይ ስምህን እንኳ እንዲጽፍ ብዕሩን ብሰጠው፣ «እሱንም አበላሸዋለሁ» ብሎ መለሰልኝ።